የለስላሳ መጠጥን አሲድ በታይትሬሽን መለካት፤ የዘዴው ታሪክና ለደሴና ለኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ያለው ጥቅም

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ውስጥ በስም ከሚታወቁት ሙከራዎች አንዱ ታይትሬሽን ነው፡፡ ታይትሬሽን ማለት በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ያልታወቀ የአሲድ መጠን፣ ብርታቱ አስቀድሞ የታወቀ ቤዝ ጠብታ በጠብታ እያከሉ የአሲዱን ኃይል እስከ መጨረሻው ካጠፉ በኋላ፣ ከወረደው የቤዝ ልክ ተነሥቶ ማስላት ነው፡፡ ሥራው ከአንድ የመስታወት ቧንቧ፣ ከአንድ ብርጭቆና ከጥቂት ጠብታ ቀለም በላይ አይጠይቅም፡፡ ይሁን እንጂ ይህን ሙከራ በእጁ ሳይሠራ፣ ቡሬት የተባለውን መሣሪያ በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ አውቆ 12ኛ ክፍልን የሚያጠናቅቅ ተማሪ ቍጥሩ ጥቂት አይደለም፡፡

ለዚህ ሁኔታ ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት የመሣሪያና የኬሚካል እጥረት ነው፡፡ ምክንያቱ እውነትነት ቢኖረውም የዘዴው ታሪክ ሲመረመር በቂ ሆኖ አይገኝም፡፡ ታይትሬሽን የተወለደው በደንብ በተደራጀ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሳይሆን በኮምጣጤ ነጋዴ፣ በጨርቅ አንጪና በገንዘብ መቅረጫ ቤት ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ መለኪያዎቹም አንዱ የሻይ ማንኪያ ነበር፡፡ በመሆኑም ይህ ታሪክ ፋብሪካና ትምህርት ቤት ጎን ለጎን ለሚገኙባቸው እንደ ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ከተሞች ልዩ ትርጕም አለው፡፡

ሀ. ምላስና ሚዛን

ማንኛዋም የቤት እመቤት የእርሾን መኮምጠጥ፣ የጠላን መድረስና የሎሚን ብርታት የምትለየው በምላስዋ ነው፡፡ ምላስ ታማኝ ምስክር ቢሆንም ሁለት ጉድለቶች አሉበት፡፡ አንደኛ፣ የሚሰጠው ፍርድ በቍጥር የማይገለጽ ስለ ሆነ የአንዱ ሰው ፍርድ ከሌላው ጋር ሊመሳከር አይችልም፡፡ ሁለተኛ፣ በጣፋጭ ነገር ይታለላል፡፡ ለዚህም ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ በአገራችን «ለስላሳ» ተብሎ የሚጠራው መጠጥ ነው፡፡ እርጎ በፒ ኤች መለኪያ 4.5 ገደማ ሲሆን የኮላ መጠጦች 2.5 ገደማ ናቸው፡፡ በዚህ መለኪያ ቍጥሩ ባነሰ መጠን አሲድነቱ ይበረታል፤ የአንድ ነጥብ ልዩነትም የ10 እጥፍ ልዩነት ነው፡፡ ስለዚህ ከእርጎ ይልቅ በብዙ እጥፍ አሲድ የሆነው መጠጥ በስኳሩ ምክንያት ለምላስ ለስላሳ ሆኖ ይሰማል፡፡

በገበያ ውስጥ ምላስ ዳኛ ሊሆን እንደማይችል ቀድመው የተረዱት ገዢና ሻጭ ናቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1729 ክሎድ ዦዜፍ ዦፍሯ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት የኮምጣጤን ብርታት ለማወቅ የተጣራ የፖታሽ ዱቄት በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ፣ ኮምጣጤው መፍላቱንና አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ይጠባበቅ ነበር፡፡ ብዙ ዱቄት የፈጀው ኮምጣጤ ብርቱ፣ ጥቂት የፈጀው ደካማ ተባለ፡፡ አመልካች ቀለም አልነበረም፤ የሥራውን ማብቃት የሚናገረው የአረፋው ዝም ማለት ነበር፡፡

ከ27 ዓመት በኋላ በስኮትላንድ ፍራንሲስ ሆም የተባለ ሐኪም ስለ ጨርቅ ማንጣት ባሳተመው ጥናት ዘዴውን ወደ ሸማኔው መንደር አመጣው፡፡ በዚያ ዘመን የተልባ እግር ጨርቅ የሚነጣው በአመድ ውኃ ተዘፍዝፎ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶና በኮመጠጠ አሬራ ውስጥ ተነክሮ ነበር፤ ሥራውም ወራት ይፈጅ ነበር፡፡ አንጪዎቹ የሚገዙት የአመድ ጨው አንዳንዱ ብርቱ፣ አንዳንዱም የተቀላቀለ ስለ ነበረ ብርታቱን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋቸው ነበር፡፡ ሆም በአመዱ ላይ የቀጠነ ናይትሪክ አሲድ በሻይ ማንኪያ እየቈጠረ በመጨመር፣ መፍላቱ እስኪቆም ስንት ማንኪያ እንደ ፈጀ በመመዝገብ ብርታቱን በቍጥር ገለጸ፡፡ በአሬራውም ፈንታ የቀጠነ ሰልፊዩሪክ አሲድ እንዲገባ ሐሳብ ያቀረበው እርሱ ነው፤ በዚህም ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ንከራ በሰዓታት የሚፈጸም ሆነ፡፡

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፈረንሳይ የሩዋን ከተማ የጨርቅ ሠሪዎች ዘንድ ክሎሪን ጨርቅ ለማንጣት ሲገባ ችግሩ በረታ፡፡ ክሎሪኑ የበዛ እንደ ሆነ ጨርቁ ይበሰብሳል፤ ያነሰ እንደ ሆነ አይነጣም፡፡ የዚያው አካባቢ ኬሚስት የነበረው ዴክሯዚይ የማንጫውን ፈሳሽ ብርታት በኢንዲጎ ሰማያዊ ቀለም መጥፋት የሚለካበትን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1795 አሳወቀ፤ በ1806 ደግሞ የአልካሊ መለኪያውን አቀረበ፡፡ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ሥዕል ላይ የሚታየው ምልክት የተደረገበት ቧንቧ ሥረ መሠረቱ ይኸው የጨርቅ አንጪዎች መሣሪያ ነው፡፡

ዦዜፍ ልዊ ጌይ ሉሳክ እ.ኤ.አ. ከ1824 ጀምሮ ባሳተማቸው ጽሑፎች መሣሪያዎቹን ካሻሻለ በኋላ «ቡሬት» እና «ፒፔት» የሚሉትን ስሞች አስለመደ፡፡ በ1829 የፓሪስ ገንዘብ መቅረጫ ቤት ዋና መርማሪ በሆነ ጊዜም የብርን ንጽሕና በእሳት ከመፈተን ይልቅ በጨው ውኃ ታይትሬሽን መለካትን አስጀመረ፡፡ በአፄ ምኒልክ ስም የታተመው የ1887 ዓ.ም. ብር የተቀረጸው በዚሁ ቤት ስለ ሆነ፣ ይህ ምዕራፍ ከኢትዮጵያ የገንዘብ ታሪክ ጋር ይጎራበታል፡፡ ቀጥሎም ጀርመናዊው ካርል ፍሪድሪኽ ሞር በ1855 ባወጣው መጽሐፍ ዘዴዎቹን በአንድነት ሰብስቦ፣ ቡሬቱን በጎማና በመቆንጠጫ የሚዘጋ አደረገው፡፡ በ1877 ፊኖልፍታሊን አመልካች ሆኖ ሲገባ ዛሬ የሚታወቀው የትምህርት ቤት ሙከራ ተሟላ፡፡ የፒ ኤች መለኪያም እ.ኤ.አ. በ1909 የወጣው ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በኮፐንሃገን ከሚገኘው የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ነው፤ ያወጣውም ሶረን ሶረንሰን ነበር፡፡

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፡፡ እያንዳንዱ እርምጃ የተወሰደው አንድ ሠራተኛ ሊበላሽበት የማይፈልገው ነገር በእጁ ስለ ነበረ ነው፡፡ ታይትሬሽን በልኬት የሚፈረድ የገበያ ዳኝነት ሆኖ ተወለደ፤ የመማሪያ መልመጃ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው፡፡

ለ. የለስላሳ መጠጥ አመጣጥ

የለስላሳ መጠጥም ታሪክ ከአሲድ ታሪክ ተለይቶ አይታይም፡፡ እንግሊዛዊው ጆዜፍ ፕሪስትሊ ውኃን በካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር የሚሞላበትን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1772 አሳተመ፤ ያዕቆብ ሽዌፕም በ1783 በጄኔቫ ለንግድ ማምረት ጀመረ፡፡ በ1784 ስዊድናዊው ካርል ቪልሄልም ሼሌ ከሎሚ ጭማቂ ሲትሪክ አሲድን ለይቶ አወጣ፡፡ ኮካ ኮላ በ1886 በአሜሪካ አትላንታ ከተማ ተቀመመ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1917 ደግሞ ጄምስ ከሪ ሲትሪክ አሲድን ከስኳር በሻጋታ አማካይነት በብዛት ማምረት እንደሚቻል ባሳየ ጊዜ አሲዱ ከሎሚ እርሻ ጥገኝነት ወጣ፡፡ ዛሬ የሎሚና የብርቱካን ጣዕም ያላቸው መጠጦች በአብዛኛው ሲትሪክ አሲድ፣ ኮላዎች ደግሞ ፎስፎሪክ አሲድ ይገባባቸዋል፡፡ አሲዱ የሚጨመረው ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ተሕዋስያን በቀላሉ እንዳይራቡበት ጭምር ነው፡፡

በኢትዮጵያ የኮካ ኮላ ጠርሙስ መሙያ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፡፡ በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ፋብሪካዎች በመንግሥት ሲወረሱ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎችም በመንግሥት እጅ ገቡ፡፡ በ1988 ዓ.ም. የፔፕሲ ኮላ ፋብሪካዎች ወደ ሞሐ ለስላሳ መጠጦች ኢንዱስትሪ በተዛወሩ ጊዜ ከአራቱ አንዱ የደሴው ነበር፤ ሌሎቹም ሁለቱ የአዲስ አበባና የጎንደሩ ናቸው፡፡ እንዲህ ያለው ፋብሪካ መጠጡ ከጠርሙስ ጠርሙስ እንዳይለያይ ስኳሩን፣ ጋዙንና አሲዱን ዘወትር መለካት ግድ ይለዋል፡፡ ስለዚህ በደሴ ከተማ የኬሚስትሪ መጽሐፍ የሚገልጸው ሥራ የዕለት እንጀራ የሚገኝበት ሙያ ሆኖ ኖሯል ማለት ነው፡፡

ሐ. የልኬቱ አፈጻጸም

ልኬቱን ለመፈጸም መጀመሪያ ጋዙን ከመጠጡ ማስወጣት ያስፈልጋል፡፡ በውኃ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ ደካማ አሲድ ስለ ሆነ፣ ካልወጣ በቀር ቤዙን ተሻምቶ ውጤቱን ከእውነቱ በላይ ያደርገዋል፡፡ መንገዱ መጠጡን ለጥቂት ደቂቃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ነው፡፡ እዚህ ላይ አካባቢው ራሱ ትምህርት ይሰጣል፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደሴ ውኃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ኮምቦልቻ ወደ 94 ዲግሪ ነው፡፡ ለጋዙ መውጣት ሁለቱም ይበቃሉ፡፡ 20 ሚሊ ሊትሩ ከመፍላቱ በፊት ከተሰፈረ በእንፋሎት የሚጠፋው ውኃ ስሌቱን አያዛባም፤ አሲዱ አብሮ አይተንምና፡፡

ከዚህ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ፊኖልፍታሊን ተጨምሮ 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በዝግታ ይወርዳል፡፡ ፈዛዛ ሮዝ ቀለም ታይቶ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሳይጠፋ ከቆየ ሥራው አበቃ፡፡ የዚህ ፈሳሽ እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር 6.4 ሚሊ ግራም ሲትሪክ አሲድ ያጠፋል፡፡ ለምሳሌ ያህል 20 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጣዕም ያለው መጠጥ 5 ሚሊ ሊትር ቤዝ ቢፈጅ፣ አሲዱ 32 ሚሊ ግራም፣ በሊትር ሲሰላ 1.6 ግራም፣ በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ግማሽ ግራም ገደማ ይሆናል፡፡

መምህሩ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ፡፡ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ የተመዘነው ክብደት አይታመንም፤ ስለዚህ ብርታቱ እንደ ኦክሳሊክ አሲድ ባለ የታወቀ ጠጣር መረጋገጥ አለበት፡፡ ቆዳንና ዓይንን የሚያቃጥል ስለ ሆነም ተማሪዎች በጥንቃቄ እንዲይዙት ያስፈልጋል፡፡ የኮላ መጠጦች ጥቍር ቀለም የአመልካቹን ለውጥ ስለሚሸፍን በተጣራ ውኃ በብዙ ማቅጠን፣ ወይም ቀለም የሌለውን መጠጥ መምረጥ ይሻላል፡፡ ፊኖልፍታሊን ባይገኝ በየማዕድ ቤቱ ያለው እርድ በአልኮል ተዘፍዝፎ ሊያገለግል ይችላል፤ ቢጫነቱ ወደ ቀይ ቡኒ የሚለወጠው ፒ ኤች 8 ገደማ ሲደርስ ነውና፡፡

በመጨረሻም ተማሪው በታይትሬሽን የተገኘው ቍጥርና ፒ ኤች ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መረዳት አለበት፡፡ ፒ ኤች በዚያች ቅጽበት የሚሠራውን አሲድ ይናገራል፤ ታይትሬሽን ግን በመጠባበቂያ ያለውን ሁሉ ይቈጥራል፡፡ የጥርስ ሽፋን ፒ ኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ መሟሟት ስለሚጀምር፣ መጠጡ አፍ ውስጥ ሲገባ ሽፋኑ የሚጠቃው በመጀመሪያው ነው፤ ምራቅ አሲዱን አሸንፎ እስኪመልሰው የሚወስደው ጊዜ ግን በሁለተኛው ይወሰናል፡፡ ስለሆነም ሙከራው የኬሚስትሪ ብቻ ሳይሆን የጤና ትምህርትም ነው፡፡

መ. የተግባር ትምህርት በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የኬሚስትሪ ትምህርት በከፍተኛ ደረጃ ሥር የሰደደው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ነው፡፡ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ መምህር እጥረት ለረጅም ጊዜ የተሸፈነው በውጭ አገር ሰዎች ነበር፤ የሕንድ መምህራንና እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የመጡት የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባላት በየክፍለ ሀገሩ ያስተምሩ ነበር፡፡ በንጉሥ ሚካኤል ልጅ ስም የተጠራው የደሴው የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤትም ካስተማሩባቸው አንዱ ነው፡፡

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የተማሪው ቍጥር በፍጥነት ሲያድግ ከውጭ በሚገዛ ዕቃ ብቻ መዝለቅ እንደማይቻል ታወቀ፡፡ በየአውራጃው የተቋቋሙት የፔዳጎጂ ማዕከላት መምህራን ከአካባቢያቸው ከሚገኝ እንጨት፣ ቆርቆሮና ጠርሙስ የማስተማሪያ መሣሪያ እንዲሠሩ የሚያበረታቱ ነበሩ፡፡ የማዕከላቱ አሠራር ከቦታ ቦታ ቢለያይም መሠረተ ሐሳቡ ከሆም የሻይ ማንኪያ ጋር አንድ ነው፤ መለኪያ የሚሆነው ነገር ብዙ ጊዜ በቤት ውስጥ አለ፡፡

በ1997 ዓ.ም. የጀመረው በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ኬሚስትሪን ጨምሮ የሳይንስ ትምህርቶችን በመላ አገሪቱ ለሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አዳረሰ፡፡ ቡሬት አይቶ የማያውቅ ተማሪ በዚህ መንገድ ሥራውን በስክሪን ለማየት ቻለ፡፡ ነገር ግን ማየትና መሥራት አንድ አይደሉም፡፡ በስክሪን ላይ የሚታየው ታይትሬሽን ሁልጊዜ ይሳካል፤ ተማሪው በገዛ እጁ የሠራው ግን አንዳንድ ጊዜ በአንድ ጠብታ ያልፋል፡፡ የልኬትን ጠባይ የሚያስተምረው ያቺ ያለፈችው ጠብታ ናት፤ እንደገና መለካት፣ ሦስት ውጤት ማመሳከር፣ የማይስማማውን መጠርጠር የሚለመደው ከእርስዋ ነው፡፡

ከሁሉ በላይ ተግባሩን ወደ ኋላ ያስቀረው የፈተናው ዓይነት ነው፡፡ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚቀርብ ነው፡፡ በ2015 ዓ.ም. ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ሲደረግ የቦታውና የጥበቃው ሥርዓት ተለወጠ እንጂ የእጅ ሥራ የሚፈተንበት ክፍል አልተጨመረም፡፡ መምህር ጊዜውን የሚመድበው ተማሪው ለሚጠየቀው ነው፤ ወላጅና ርእሰ መምህርም የሚገመግሙት በዚያው ነው፡፡ ስለዚህ የማይፈተን እጅ ሳይሠለጥን ቢቀር የመምህሩን ትጋት ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም፡፡

ሠ. በደሴና በኮምቦልቻ ሊደረግ የሚቻለው

ሁለቱ ከተሞች ለዚህ ትምህርት ያላቸው አመቺነት በቀላሉ የሚታይ አይደለም፡፡ በደሴ የለስላሳ መጠጥ፣ በኮምቦልቻ በደርግ ዘመን የተመሠረተው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቆዳ ፋብሪካውና እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው የቢራ ፋብሪካ የየራሳቸው የአሲድና የአልካሊ ጕዳይ አላቸው፡፡ ጨርቅ የሚታጠብበትና የሚነጣበት የአልካሊ ብርታት፣ ቆዳ የሚነከርበት የአሲድ መጠን፣ የቢራው ጥንስስ መኮምጠጥ፣ ሁሉም በልኬት ይመራሉ፡፡ በሩዋንና በኮፐንሃገን ዘዴው የተወለደበት ሁኔታ በአንድ መንገድ ላይ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል፡፡ በሚሌኒየሙ መባቻ ማስተማር የጀመረው ወሎ ዩኒቨርሲቲም በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፡፡

ይህ ሀብት የደረሰበትም ጉዳት መዘንጋት የለበትም፡፡ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች በደረሰ ጊዜ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙ ተቋማት ዝርፊያና ውድመት ደርሶባቸዋል፡፡ የፈረሰውን መልሶ ማደራጀት ጊዜና ገንዘብ የሚጠይቅ ነው፡፡ እስከዚያው ግን የአንድ ክፍል ተማሪ ያለ ሙከራ ጊዜው እንዳያልፍበት ምን ያህል ዕቃ እንደሚበቃ ማስላት የዕቅድ አውጪው ተግባር ነው፡፡

ስሌቱም አስቸጋሪ አይደለም፡፡ 50 ተማሪዎች አምስት አምስት ሆነው በ10 ቡድን ቢከፈሉና እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ጊዜ ቢለካ፣ የሚያስፈልገው መጠጥ 600 ሚሊ ሊትር፣ ይኸውም ሁለት ጠርሙስ ነው፡፡ የሚወርደው ቤዝ ከላይ በተሰጠው ምሳሌ 150 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ለማጠቢያና ለብክነት ጭምር ግማሽ ሊትር ቢዘጋጅ 2 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይበቃዋል፡፡ ቡሬት ባይኖር ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ፣ መርፌው የወለቀ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያገለግላል፤ በ0.1 ሚሊ ሊትር ልዩነት ቢነበብ ከ5 ሚሊ ሊትር ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ከመቶ 2 ገደማ ነው፡፡ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ሆም በሻይ ማንኪያ የፋብሪካ ሥራ አቃንቶበታልና፡፡

ከዚህ የተነሣ ሦስት ነገሮች ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ቀርበው ሊመከርባቸው ይገባል፡፡ አንደኛ፣ ትምህርት ቤቶች የሙከራ ዕቃ ዝርዝራቸውን ከሙሉ ቤተ ሙከራ ሳይሆን ከአንድ ሙከራ ጀምረው ቢያወጡ፣ «ምንም የለም» የሚለው ምላሽ «ይህን ያህል ይጎድላል» ወደሚል የተወሰነ ጥያቄ ይለወጣል፡፡ ሁለተኛ፣ የፋብሪካዎቹ የጥራት ተቆጣጣሪዎች በዓመት አንድ ቀን እንኳ ከኬሚስትሪ መምህራን ጋር ቢገናኙ፣ ተማሪው በእጁ የያዘው ሥራ ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ መሆኑን በዓይኑ ያያል፡፡ ሦስተኛና ዋናው፣ በመምህሩ የሚታይ የተግባር ውጤት በትምህርት ቤት የክፍል ምዘና ውስጥ የተወሰነ ነጥብ እንዲኖረው ማድረግ ነው፤ ብሔራዊው ፈተና እስኪሻሻል ድረስ ይህን መጠበቅ አያሻም፡፡

የኮምጣጤ ነጋዴውና የጨርቅ አንጪው መለካትን የተማሩት ካልለኩ ስለሚከስሩ ነው፡፡ ተማሪው ባይለካ ዛሬ በግልጽ የሚደርስበት ኪሳራ የለም፤ ኪሳራው የሚታየው ዘግይቶ፣ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲፈልግና የሠለጠነ እጅ ሲያጣ ነው፡፡ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳና ሁለት ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይህን ኪሳራ በሙሉ አያስቀሩም፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ የጎደለው ዕቃ ብቻ እንዳልነበረ ለማሳየት ይበቃሉ፡፡